አዲስ ገብ ባልና ሚስት በሜልበርን፦ ስለ ማኅበራዊ ኑሮና ስለ ጉዞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በሜልበርን ምዕራባዊ ሰፈሮች ነው። ከአዲስ አበባም ከዱባይም "ልንመጣ ነው" የሚሉ ጥንዶች ይጽፉልናል። መጀመሪያ ስለ ሥራና ስለ ቤት ኪራይ ይጠይቃሉ። መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም እዚያው ይደርሳሉ፦ ሰው አለ? ትጫወታላችሁ? ትዞራላችሁ? መልሳችንን እዚህ ሰብስበነዋል። የምናውቀው ሜልበርንን ስለሆነ ምሳሌው በአብዛኛው ከዚያው ነው።

አውስትራሊያ ብቸኝነቱ አይቻልም ይባላል። እውነት ነው?

ሰው ሞልቷል። የሚጠፋው ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ጎረቤት "ኑ ቡና ጠጡ" ብሎ ይጣራል። እዚህ ቡናው በቀጠሮ ነው፤ ቀጠሮው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ይያዛል። ሐበሻ ከሐበሻም ጋር እንደዚሁ ነው። ድንገት በር ማንኳኳት ቀርቷል። ይሄን እንደ ንቀት የሚያዩ አዲስ ገቦች አሉ። ንቀት አይደለም፤ ሰውየው ከሌሊት ሥራ ገብቶ ተኝቶ ይሆናል።

ብዙ ጥንዶች "ትንሽ እንደላደልና ሰው እንጠራለን፣ እንዞራለን" ይላሉ። መደላደሉ ግን አያልቅም። መጀመሪያ ለመኪና ነው፣ ቀጥሎ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ፣ ቀጥሎ ለልጅ። እኛ የምንለው ከመደላደል በፊት ጀምሩ ነው። ሰው ለመጥራት ሶፋ አያስፈልግም። ምንጣፍ ላይም ሽሮ ይበላል።

ሐበሻ የት ነው የሚገናኘው?

ፉትስክሬይ። ከከተማው መሃል በባቡር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ኒኮልሰን ጎዳናና አካባቢው በሐበሻ ምግብ ቤት፣ በሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅና በፀጉር ቤት የታወቀ ነው። እንጀራ በየሱቁ ታሽጎ ይሸጣል። እዚሁ አውስትራሊያ የሚመረት ጤፍም አለ። ከእኛ በፊት አካባቢውን ያቀኑት ቬትናማውያን ናቸው። ስለዚህ ፉትስክሬይ ገበያ ገብታችሁ ለወጥ የሚሆን ሥጋና ቃሪያ ስትገዙ የምትከራከሩት ከእነሱ ጋር ይሆናል።

ለመብላት ፉትስክሬይ ይበቃል። ለመተዋወቅ ግን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የጸሎት ቤት ይሻላል። ብዙ አማኝ ባትሆኑ እንኳ ሰው የሚገኘው እዚያ ነው። ኪራይ ቤት ያለው፣ ሥራ የሚያስገባ ሰው የሚያውቅ፣ ያገለገለ አልጋ የሚሰጥ ሁሉ ከአገልግሎቱ በኋላ በር ላይ ቆሞ ሲያወራ ታገኙታላችሁ። ከቤት ስትውሉ ደግሞ ኤስቢኤስ አማርኛ የሚባለውን ሬዲዮ አዳምጡ። የአገሩን ወሬ በራሳችን ቋንቋ ታገኛላችሁ።

ዕድር ግቡ። "ገና ወጣት ነን" አትበሉ። ቤተሰብ ከሌለበት አገር የመጀመሪያው ለቅሶ ሲመጣ፣ ድንኳኑ ቀርቶ አዳራሹን ማን እንደሚይዝ የምታውቁት ያኔ ነው። አስከሬን ወደ ኢትዮጵያ መላክ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማኅበረሰቡ ትንሽ ነው፤ ወሬ ቶሎ ይደርሳል። የአገር ቤት ፖለቲካም አብሮን መጥቷል። ያኛው ቡድን ከዚህኛው አይበላም የሚባልበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ብዙ አዳምጡ፣ ትንሽ ተናገሩ፣ የሁሉንም ለቅሶ ድረሱ።

ከአገሬው ሰው ጋርስ መቀራረብ ይቻላል?

ይቻላል፤ ቀስ ይላል እንጂ። ሥራ ቦታ በየጠዋቱ የሚስቅላችሁ ሰው ቤቱ ለመጥራት ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። የጠላችሁ እንዳይመስላችሁ። ለእነሱም ቤት መጥራት ትልቅ ነገር ነው።

እኛን የጠቀመን አንድ ነገር ላይ በየሳምንቱ መገኘት ነው። ፓርክረን የሚባል አለ። ቅዳሜ ጠዋት በፈረንጁ 8 ሰዓት ላይ በየመናፈሻው 5 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ ነፃ ነው፣ የፈለገ በእግሩ ይሄዳል። ችግሩ ኢትዮጵያዊ መሆናችሁ ከታወቀ ሁሉም ኃይሌን መጠበቁ ነው። ባለቤቴ ሲሮጥ አይተው ግምታቸውን ለማስተካከል ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሰፈር ውስጥ ያሉ የማኅበረሰብ ማእከላትም ጥሩ ናቸው፤ የልብስ ስፌት፣ የኮምፒውተር፣ የአትክልት ሥራ ይማሩባቸዋል። እንግሊዝኛችሁ ካልጠነከረ ደግሞ ኤኤምኢፒ የሚባለውን የመንግሥት ትምህርት ጠይቁ። መስፈርቱን ለሚያሟላ ስደተኛ ነፃ ነው። ድሮ 510 ሰዓት የሚል ገደብ ነበረው፤ በፈረንጁ 2021 ተነስቷል። ክፍል ውስጥ አብሯችሁ የሚቀመጠው ኢራናዊ ወይም ቻይናዊ ከማንም በፊት ጓደኛ ይሆናችኋል። እሱም ሰው ፈላጊ ነው።

እግር ኳሳቸውን ደግሞ ትንሽ እወቁ። "የማን ደጋፊ ናችሁ?" መባላችሁ አይቀርም። የእኛን ኳስ አይመስልም፤ ኳሱ ሞላላ ነው፣ በእጅም ይያዛል። ፉትስክሬይ ካላችሁ ቡድናችሁ ዌስተርን ቡልዶግስ ነው። ከ1954 በኋላ ዋንጫ ለማየት እስከ 2016 የጠበቀ ቡድን ነው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ደጋፊ ከቡናና ከጊዮርጊስ ደጋፊ ጋር ይግባባል።

ሲጋብዙን ምን ይዘን እንሂድ? ጾም ከሆነስ?

ሰዓት ያዙ። አራት ከተባለ አራት ነው። የምትጠጡትን ይዛችሁ መሄድ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚበላ ነገር ሁሉም ያዋጣል። ዳቦ ወይም ሰላጣ ይበቃል። ሳምቡሳ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን በሚቀጥለው ስማችሁ ቀርቶ "ሳምቡሳዎቹ" ትባላላችሁ።

ስለ ጾም መጨነቅ የለም። አስቀድማችሁ "ቪጋን ነው የምንበላው" በሉ፣ ያልቃል። እንቁላልም ወተትም እንደማይነካ ያውቃሉ። የጾሙን ሕግ ከነታሪኩ ማስረዳት ለሌላ ቀን ይቆይ።

እናንተ መጥራት ስትፈልጉ ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ መናፈሻ ውሰዷቸው። በብዙ የሕዝብ መናፈሻ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሥጋ መጥበሻ አለ፤ ቁልፉን መጫን ነው፣ ክፍያ የለውም። ጥብሳችሁን ሠርታችሁ፣ ምጣዱን ጠርጋችሁ መሄድ ነው።

ሚስቴ ቀን፣ እኔ ሌሊት ነው የምንሠራው። ምን ዓይነት ማኅበራዊ ኑሮ ነው የሚኖረን?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው በአረጋውያን እንክብካቤ፣ በጽዳት፣ በመጋዘን ወይም በሹፌርነት ነው። ሁሉም ሺፍት አላቸው። በብዙዎቹ ሥራዎች ደግሞ እሁድና በሕዝብ በዓል የሚሠራ ሰው ከአዘቦቱ ቀን የበለጠ ይከፈለዋል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ቅዳሴው እሁድ ነው። ክርስትናው እሁድ ነው። ጓደኛ ቤት ምሳው እሁድ ነው። ብሩም ያለው እሁድ ነው። ሰው ዘንድ በሄዳችሁ ቁጥር ከኪሳችሁ የተወሰደ ይመስላችኋል።

ካዡዋል፣ ማለትም ቋሚ ሳይሆን፣ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ይብሳል። የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ የለውም። በምትኩ በሰዓት ክፍያው ላይ 25 በመቶ ይጨመርለታል። ቋሚ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ግን በዓመት 4 ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ አለው። ብዙዎቻችን ያንን 25 በመቶ እንደ ትርፍ ቆጥረን እንበላዋለን። የዕረፍታችሁና የሕመማችሁ ገንዘብ እኮ እሱ ነው። ከእሱ ላይ ትንሽ ለብቻው አስቀምጡ። ያኔ ለጉዞ ስትወጡ ደመወዝ የቀረባችሁ አይመስላችሁም።

ሁለተኛው ምክር፦ በወር ቢያንስ አንድ እሁድ ሁለታችሁም ኦፍ ሁኑ። ሮስተሩ (የሥራ ፈረቃ ሠንጠረዡ) ሳይወጣ ለአለቃችሁ ንገሩ። ከወጣ በኋላ ልመና ነው። በዚያ ቀን ቤት አታጽዱ፣ አይኪያም አትሂዱ።

ስለ ጠብ ደግሞ። አገር ቤት ባልና ሚስት ሲጋጩ እናት አለች፣ ሚዜ አለ፣ ሽማግሌ አለ። እዚህ ሁለት ሰው አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጣላው ማን ምግብ ይሥራ፣ ለማን ወንድም ስንት ይላክ የሚለው ነው። ሠራተኛ የለም። ባል ወጥ ቤት መግባቱ ግዴታ ነው። ባለቤቴ ዶሮ መገነጣጠል የተማረው እዚህ ነው፤ ብልቱ 12 አይሞላም እንጂ ይበላል። ነገሩ ከከበደ የንስሐ አባት አሉ፣ በዕድሜ የገፉ ጥንዶችም አሉ። በማኅበረሰቡ ውስጥ ወሬው እንዳይወጣ የሚፈልግ ደግሞ ሪሌሽንሺፕስ አውስትራሊያን የመሳሰሉ የምክር አገልግሎቶች አሉለት። አስተርጓሚ ካስፈለገ የመንግሥት የስልክ አስተርጓሚ ቁጥር 131 450 ነው። እጅ ማንሳት ካለ ግን ሽማግሌ አትጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ 000 ደውሉ።

በዓሎቻችንን እንዴት ታሳልፋላችሁ?

ሙቀቱ ይለያል። ገና የሚውለው በበጋ ሙቀት ነው፤ 40 ዲግሪ ላይ ቆሞ ዶሮ ወጥ ማማሰል ራሱን የቻለ ስግደት ነው። እንቁጣጣሽ ግን በትክክል ቦታው ላይ ነው። መስከረም እዚህም የክረምት መውጫ ነው። የአገሩ ብሔራዊ አበባ የሆነው ጎልደን ዋትል ቢጫ ሆኖ የሚፈነዳው በዚያው ሰሞን ነው። አደይ አበባን አይተካም፤ ፎቶ ላይ ግን ያታልላል።

ከሰልና እጣን ላይ ተጠንቀቁ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ጣሪያ ላይ ነው። በፎቅ አፓርታማ ውስጥ ከጮኸ የእሳት አደጋ መኪና ሊመጣ ይችላል፣ የሐሰት ጥሪ ሂሳቡም ሊከተል ይችላል። በበጋ ደግሞ ሙሉ የእሳት ክልከላ የሚታወጅባቸው ቀናት አሉ። በዚያ ቀን ደጅ ላይ ከሰል ማቀጣጠል ወንጀል ነው።

የፈረንጅ ፋሲካ አራት ቀን ያሳርፋል። ብዙ ዓመት እኛ ዐቢይ ጾም ላይ ሳለን ይውላል። እኛ ሽሮና ድርቆሽ ይዘን ካምፕ እንወጣበታለን።

መኪና ሳይኖረን መጓዝ እንችላለን?

አዎ፤ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። ከመጋቢት 2023 ጀምሮ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ውስጥ የክልል ባቡርና አውቶቡስ የቀን ዋጋ ከሜልበርን ከተማ የቀን ዋጋ እንዳይበልጥ ተደርጓል። በ2025 11 ዶላር ነበር። በዚያ ዋጋ ወርቅ በ1851 ወደተገኘባት ባላራት ሄዳችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ዋርናምቡል ድረስም ትሄዳላችሁ። እዚያ ሎጋንስ ቢች የሚባል ቦታ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዓሣ ነባሪዎች ከነግልገሎቻቸው ወደ ዳርቻው ይጠጋሉ። በረጅሙ መስመር ላይ መቀመጫ አስቀድማችሁ ያዙ።

የመጀመሪያው የመኪና ጉዟችን የት ይሁን?

ግሬት ኦሽን ሮድ። ከቶርኪ ተነስቶ እስከ አላንስፎርድ 243 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳር መንገድ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ከ1919 እስከ 1932 በዶማና በአካፋ የሠሩት ነው። የሁሉም ሰው ፎቶ ላይ ያሉት አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የሚባሉት የድንጋይ ዓምዶች እዚያ ናቸው። አሥራ ሁለት ግን አይደሉም። አንዱ በ2005 ተደርምሶ ስምንት ቀርተዋል።

በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አትሞክሩት። ሎርን ወይም አፖሎ ቤይ እደሩ። በመንገዱ ላይ ኬኔት ሪቨር ጋ ቁሙና ወደ ዛፉ ቀና በሉ፤ ኮዋላ ተኝቶ ይገኛል። የተኛበት ዛፍ ደግሞ የእኛው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው ከዚህ አገር ነው። ዝናብ ሲመታው ሽታው እንጦጦ ይወስዳችኋል።

ባሕር ዳር ላይ ቀልድ የለም። አብዛኞቻችን ዋና ሳንማር ነው የመጣነው። ውሃው ከላይ ጸጥ ብሎ ከሥር ይጎትታል። በቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መሃል ካልሆነ አትግቡ፣ ባንዲራ ከሌለ ቁርጭምጭሚት ድረስ ይበቃል። የማዘጋጃ ቤት መዋኛዎች ለአዋቂ ያስተምራሉ፤ ሁለታችሁም ተመዝገቡ።

ሲድኒ ድረስ በመኪና ያዋጣል?

በሂዩም አውራ ጎዳና 880 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ያስነዳል። ተፈራርቃችሁ ከነዳችሁ ያዋጣል። በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ። እዚህ የሚነዳው በግራ ነው፤ አደጋው ቀጥታው መንገድ ላይ አይደለም፣ ከነዳጅ ማደያ ስትወጡ ነው። ሲነጋጋና ሲመሽ ካንጋሮ ይወጣል። ከገባባችሁ ፍሬን ያዙ እንጂ መሪ አትጠምዝዙ። ሲድኒ ውስጥ የክፍያ መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ቦታው ላይ በእጅ የሚከፈል ገንዘብ የለም፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ቶሎ መክፈል ነው።

ሲድኒ ስትደርሱ ኦፔራ ሃውሱን ሁሉም ያየዋል። እናንተ ሆምቡሽ ያለውን ኦሊምፒክ ፓርክም እዩ። በ2000 ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመው እዚያ ነው። ደራርቱም፣ ሚሊዮን ወልዴም፣ ገዛኸኝ አበራም በዚያው ጨዋታ ወርቅ አግኝተዋል። ሜልበርን ያለው ኤምሲጂ ስታዲየምም ለእኛ ባዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ1956 በዚሁ ከተማ ነው። ማሞ ወልዴም ሮጦበታል።

ኡሉሩና ታዝማኒያስ?

ወደ ታዝማኒያ ደሴት መኪናችሁን ጭናችሁ ከጂሎንግ በመርከብ ትሄዳላችሁ። ሌሊቱን ተጉዞ ዴቨንፖርት ያነጋል። ሆዳችሁ ባሕር ካልወደደ አውሮፕላን ይሻላል። ኡሉሩ የሚባለው ግዙፍ ዐለት ሩቅና ውድ ነው፣ ግን አንድ ጊዜ ይታይ። ከግንቦት እስከ መስከረም ሂዱ። 348 ሜትር የሚነሳውን ዐለት መውጣት ከጥቅምት 2019 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ለባለቤቶቹ ለአናንጉ ሕዝብ ቅዱስ ቦታ ነው። ዙሪያውን በእግር መሄድ ይቻላል።

ኢትዮጵያ ለመሄድ ምን እንወቅ?

ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም። በዱባይ፣ በዶሃ ወይም በእስያ ከተሞች ነው የሚኬደው። እስከ ዱባይ ብቻ 14 ሰዓት ገደማ ነው። ለገናና ለጥምቀት መሄድ ከትምህርት ቤቶች የበጋ ዕረፍት ጋር ስለሚገጥም ትኬቱ ይሰቀላል።

ከትኬቱ በፊት ቪዛችሁን እዩ። ብሪጅንግ ቪዛ ኤ (ማመልከቻችሁ እስኪወሰን የሚሰጠው ጊዜያዊ ቪዛ) ላይ ሆናችሁ ከወጣችሁ በእሱ መመለስ አትችሉም፤ ሳትወጡ ቢ የሚባለውን አመልክቱ። ቋሚ ነዋሪ ከሆናችሁ የመግባትና የመውጣት መብቱ ብዙ ጊዜ 5 ዓመት ነው፣ ከዚያ መታደስ አለበት። በጥገኝነት ቪዛ ያላችሁ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ወደሸሻችሁበት አገር እንዳትገቡ የሚል ግዴታ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ የቪዛ ደብዳቤያችሁን አንብቡ። ዜግነት የምታስቡም ቀናችሁን ቁጠሩ። በአራቱ ዓመት ውስጥ በድምሩ ከ12 ወር በላይ፣ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ከ90 ቀን በላይ ከአገር መውጣት አይፈቀድም። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትቀበልም። ከዜግነት በኋላ የምትገቡት በቪዛ ወይም በቢጫ ካርድ ነው።

እናቴ በርበሬና ቅቤ ልትሰጠኝ ነው። ያስገባሉ?

የቅቤውንና የቋንጣውን ነገር ተዉት። ከኢትዮጵያ ሥጋና የወተት ውጤት አይገባም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ቅመም ሁሉ በመግቢያ ካርዱ ላይ "ምግብ ይዣለሁ" ብላችሁ አስመዝግቡ። አስመዝግባችሁ ቢከለከል የሚጣለው ዕቃው ብቻ ነው። ደብቃችሁ ቢገኝ ግን ቅጣቱ ከበድ ያለ ነው፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ቪዛውን ሊያጣ ይችላል። በርበሬውን ንጹህ አድርጋችሁ አሽጉና ስሙን በእንግሊዝኛ ጻፉበት። ዘር የሚባል ነገር አትያዙ።

ከቤተሰብ ጋር በስልክ መቼ ነው የሚወራው?

በእኛ ክረምት ሜልበርን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ይቀድማል፤ ከጥቅምት መጀመሪያ እሁድ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ እሁድ በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ይሆናል። እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ምሳ ሰዓት ነው። ጠዋት ከደወላችሁ ትቀሰቅሷቸዋላችሁ።

ወላጆቻችንን ለጉብኝት ማምጣት እንችላለን?

በጎብኚ ቪዛ፣ 600 በሚባለው፣ ማመልከት ይቻላል። የሚሰጠው ጊዜ እንደ ሁኔታው እስከ 3፣ 6 ወይም 12 ወር ነው። እንደሚመለሱ የሚያሳይ ነገር፦ ቤት፣ ጡረታ፣ እዚያ የቀሩ ልጆች፣ በማስረጃ ይቅረብ። የጤና ኢንሹራንስ ሳትገዙ አታምጧቸው። የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ለኢትዮጵያ ጎብኚ አይሠራም፣ የአንድ ሌሊት ሆስፒታል ሂሳብ የዓመት ቁጠባ ይበላል። ሲመጡም በሐምሌ አይሁን፤ ብርዱና ዝናቡ ቤት ያስቀምጣቸዋል። በመጋቢት ይምጡ። ሙቀቱ በርዷል፣ ፊሊፕ ደሴት ወስዳችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ከባሕር የሚወጡትን ትናንሽ ፔንግዊኖች ታሳዩአቸዋላችሁ። ጋቢ ይያዝ፤ ነፋሱ ኃይለኛ ነው፣ ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው።